ነገርን ከሥሩ፦ መንስኤው ያልታወቀ የባሕር ዓሣ ሕመም እንዴት ይመረመራል?

(በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት በሆነው የገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



ከሁሉ አስቀድሜ ወደ ተማርኩበት ቤት ተመልሼ በዚህ መድረክ ላይ እንድቆም ለጋበዛችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የዛሬው ርእስ ሲነገር ከመካከላችሁ ፈገግ ያለ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ባሕር በሌለው አገር፣ ከብትንና በግን፣ ዶሮንና ግመልን ለማከም ለሚማሩ ወጣቶች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ስለሚኖር የባሕር ዓሣ መናገር ምን ይጠቅማል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኔም ሁለት መልስ ይዤ መጥቻለሁ።

አንደኛው መልስ ቀይ ባሕር የሚመስለንን ያህል ሩቅ አለመሆኑ ነው። በዓለም ዙሪያ በአኳሪየም ከሚኖሩት ዓሦች ጥቂት የማይባሉት ከዚያ የተገኙ ናቸው። ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቀው የቀይ ባሕር ክላውን ዓሣ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1830 ነው። ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፐል ከዚያ ጥቂት ቆይቶ በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ ጎንደር ተጉዟል። ዛሬ ደግሞ ኑሮ እኔን መሰል ባለሙያዎችን ወደ ባሕረ ሰላጤ አገሮች ሲወስድ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ሆኖ የሚጠብቀን በሽተኛ ይኸው ዓሣ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛውና ዋናው መልስ ስለ ምርመራ ጥበብ ነው። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ዓሣ በሽታውን ደብቆ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ድካሙን ያሳየ ዓሣ ለአዳኙ ሲሳይ ይሆናልና። ስለዚህ ምልክቱ ለዓይናችን በሚገለጥበት ጊዜ በሽታው ብዙ መንገድ ተጉዟል። አይናገርም፤ አይጮኽም፤ ከውኃው ካወጣነውም በምርመራችን እንጎዳዋለን። እንዲህ ያለውን በሽተኛ መመርመር የቻለ ሐኪም የትኛውንም እንስሳ በተሻለ ትዕግሥት ይመረምራል ብዬ አምናለሁ።

ዛሬ የምናገረው ግን ስለ ስኬቴ አይደለም። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት ስለ ሠራሁት አንድ ስሕተት ነው። ስሕተቱ ዓሦችን ገድሏል፤ አንዲት ሴትንም ከእንጀራዋ ሊያፈናቅላት ጥቂት ቀርቶት ነበር።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት የበሽተኛችንን ተፈጥሮ ላስታውሳችሁ። የባሕር ዓሣ በውኃ ተከቦ ውኃ የሚጠማው እንስሳ ነው። የደሙ የጨው መጠን የባሕሩን ሲሶ ገደማ ብቻ በመሆኑ ውኃ ዘወትር ከአካሉ ወደ ውጭ ይሸሻል። ያንን ለመተካት ያለማቋረጥ የባሕሩን ውኃ ይጠጣል፤ አብሮ የገባውን ትርፍ ጨው በአብዛኛው በስንጥቡ በኩል መልሶ ያስወጣል። ያው ስንጥብ ኦክስጅን ይቀበላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ ፕሮቲን ሲፈጭ የሚተርፈውን አሞኒያም ያስወግዳል። እኛ በሳንባና በኩላሊት ከፋፍለን የምንሠራውን ሥራ ዓሣ በአመዛኙ በዚህ በአንዱ ስስ አካል ያከናውነዋል።

የምርመራችን ችግር ከዚህ ይጀምራል። ስንጥብን የሚጎዳ ነገር ሁሉ፣ ጥገኛ ተሕዋስም ይሁን መርዝ፣ የኦክስጅን እጥረትም ይሁን የፒኤች መዛባት፣ መጀመሪያ የሚያሳየው ምልክት ተመሳሳይ ነው። ዓሣው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ወደ ውኃው ገጽ ይወጣል ወይም ፓምፑ ውኃ በሚተፋበት ቦታ ይቆማል፤ ምግብ ይተዋል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል። ምልክቱ አንድ ሲሆን ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። ከምልክቱ በቀጥታ ወደ መድኃኒቱ የሚዘል ሰው ዕጣ እንደ መጣል ይቆጠራል። እኔም አንድ ጊዜ ዕጣ ጥያለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ የሚገኝ ሆቴል በእንግዳ መቀበያ አዳራሹ ውስጥ 1,200 ሊትር ገደማ የሚይዝ የባሕር ውኃ አኳሪየም ነበረው። በውስጡ አንድ ትልቅ ኤንጅል ዓሣ፣ በጅራታቸው ሥር እንደ ምላጭ የሰላ እሾህ ያላቸው ሰርጅን ዓሦች፣ ጥንድ ክላውን ዓሦችና ሌሎች ትንንሾች ይኖሩ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደውሎ ሁለት ዓሦች ያለ አንዳች ቁስልና ነጠብጣብ እንደሞቱ፣ የቀሩትም በተለይ ጧት ጧት እንደሚያለከልኩ ነገረኝ። ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ ደረስኩ። ዓሦቹ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ፤ ቢሆንም እንደተነገረኝ ያህል አልከፉም። ውኃውን ለካሁ። ጨዋማነቱ በሺህ 35፣ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ አሞኒያው ዜሮ፣ ፒኤቹ ትንሽ ዝቅ ያለ፣ ኦክስጅኑ ደኅና። በማስታወሻዬ ላይ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሥራ አስኪያጁ ጥርጣሬውን አልሸሸገም። አዳራሹን የምታጸዳው ሠራተኛ መስታወቱን በምትወለውልበት ኬሚካል ዓሦቹን መርዛቸዋለች ብሎ ያምን ነበር። «ይህ ሊሆን ይችላል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም ብዙ ሳላስብ «ሊሆን ይችላል» አልኩ፤ ይህንኑም በአጭር ሪፖርቴ ላይ አሰፈርኩት። በሆዴ ግን ሌላ በሽታ ይዤ ነበር።

በሆዴ የያዝኩት በሽታ በአኳሪየም ሙያ «ቬልቬት» የሚባለው ነው። አምጪው አሚሉዲኒየም ኦሴላተም የተባለ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ሲሆን ቆዳን ከማጥቃቱ በፊት ስንጥብን ያጠቃል። አንዱ ጥገኛ ከዓሣው ወርዶ በመከፋፈል እስከ 256 የሚደርሱ አዳዲስ ወራሪዎችን ይለቃል፤ ዓሣውም ቆዳው ላይ የወርቅማ አቧራ ምልክት ሳይታይበት ሊሞት ይችላል። ያለ ነጠብጣብ የሚያለከልክና የሚሞት ዓሣ ሳይ አእምሮዬ በቀጥታ ወደዚህ ሮጠ። መድኃኒቱ መዳብ መሆኑን አውቃለሁ። መጠኑም በሊትር ከ0.15 እስከ 0.20 ሚሊ ግራም ነው። ሽሪምፖቹንና አኔሞኑን ወደ ሌላ ዕቃ አዛውሬ በዚያው ቀን መዳቡን ጨመርኩ።

ከአንድ ዓሣ ስንጥብ ላይ ቅንጣት ቆርጬ በማይክሮስኮፕ ለማየት 10 ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። አላደረግሁትም።

በሦስተኛው ቀን አንደኛው ሰርጅን ዓሣ ሞተ። በአራተኛው ቀን ዜሮ የነበረው አሞኒያ ብቅ አለ። ሽሪምፖቹን ሳወጣ በድንጋዮቹ ጉድጓድ ውስጥ የሚኖሩትን በሺህ የሚቆጠሩ ትላትሎች፣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችና ክረስታሽያኖች ረስቼ ነበር። መዳቡ እነርሱን ገደላቸው፤ አስከሬናቸውም ውኃውን አበከለው። በአምስተኛው ቀን ትልቁ ኤንጅል ዓሣና ሌላው ሰርጅን ዓሣ ሞቱ። አሁን በመጨረሻ ስንጥባቸውን በማይክሮስኮፕ ተመለከትኩ። አንድም አሚሉዲኒየም አልነበረም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁምና ያን ቀን ማድረግ የነበረብኝን በቅደም ተከተል ላስረዳ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው።

የመጀመሪያው ተግባር እጅን አጣጥፎ ከሩቅ ማየት ነው። ሰው ሲቀርብ ዓሣ ይለወጣል፤ ስለዚህ ራቅ ብሎ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ መመልከት ያስፈልጋል። የታመመው አንድ ነው ወይስ ሁሉም? የታመሙት አንድ ዝርያ ናቸው ወይስ የተለያዩ? ትንንሾቹ ናቸው ወይስ ትልልቆቹ? ሁሉም ዝርያ በአንድ ጊዜ ከታመመ ጥርጣሬያችን አስቀድሞ ወደ ውኃው መሄድ አለበት። ተሕዋስ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ጀምሮ ወደ ሌላው ይዛመታል፤ ውኃ ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ይነካል። ኦክስጅን ሲጎድል ቀድመው የሚወድቁት ብዙውን ጊዜ ትልልቆቹ ናቸው። በሆቴሉ አኳሪየም የሞቱት ሁሉ ትልልቅ ነበሩ፤ ትንንሾቹ ክላውን ዓሦች ግን ይበሉ ነበር። ይህን አይቻለሁ፤ ነገር ግን አላነበብኩትም።

ዓይንንም እንዲሁ በጥንቃቄ ማየት ያሻል። አንድ ዓይኑ ብቻ ያበጠ ዓሣ በአብዛኛው ተጋጭቶ ወይም ተነክሶ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ሲያብጡ ግን የውስጥ ሕመም ወይም በውኃው ውስጥ ከልክ ያለፈ የጋዝ ሙሌት መኖሩን እንጠረጥራለን። ፓምፕ በተሰነጠቀ ቱቦ አየር ስቦ በግፊት ከውኃው ጋር ሲቀላቅል በዓሣው ክንፎችና ዓይኖች ውስጥ ጥቃቅን አረፋዎች ይፈጠራሉ። ያልተጠነቀቀ ዓይን እነዚህን አረፋዎች የነጭ ነጠብጣብ በሽታ ናቸው ብሎ መድኃኒት ያዝባቸዋል። የሚፈለገው ግን ቱቦውን መጠገን ነው።

ሁለተኛው ተግባር ጊዜን መጠየቅ ነው። ምልክቱ መቼ ጀመረ? በቀኑ በየትኛው ሰዓት ይብሳል? ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ምን ተጨመረ፣ ምንስ ተቀነሰ? የጊዜ ጥያቄ ብቻውን በሽታን የሚለይበት ወቅት አለ። ነጭ ነጠብጣብ የሚያመጣውን ክሪፕቶካርዮን ኢሪታንስን ውሰዱ። ጥገኛው በዓሣው ቆዳ ሥር ከ3 እስከ 7 ቀን ተመግቦ ይወርዳል፤ የጨው ቅንጣት የሚያክሉት ነጠብጣቦችም ይጠፋሉ። ባለቤቱ «ዳነልኝ» ብሎ ይደሰታል። ጥገኛው ግን በአሸዋው ላይ ራሱን ሸፍኖ እየተከፋፈለ ነው። ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እያንዳንዱ እስከ 200 የሚደርሱ ልጆች ይለቃል። ሁለተኛው ማዕበል ሲመጣ ብዙዎች መድኃኒቱ «መጀመሪያ ሠርቶ ነበር» ይላሉ። የሠራው ግን መድኃኒቱ ሳይሆን የጥገኛው የራሱ ቀን መቁጠሪያ ነው።

አዲስ ዓሣ በደረሰ በሰዓታት ውስጥ ያለ ምክንያት ሲሞትም መልሱ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ዓሣው በፕላስቲክ ከረጢት ሲጓዝ የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውኃውን ፒኤች ያወርደዋል። ፒኤች ዝቅ ሲል በከረጢቱ ውስጥ የተጠራቀመው አሞኒያ በአብዛኛው ብዙም ጉዳት በማያደርሰው መልኩ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይተናል፤ ፒኤቹ ይወጣል፤ ያው አሞኒያ ወደ መርዛማ መልኩ ይለወጣል። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤቹ 7 በሆነ ውኃ ውስጥ ከጠቅላላው አሞኒያ መርዛማው ክፍል ከመቶ 1 እንኳ አይሞላም፤ ፒኤቹ 8.2 በሆነ የባሕር ውኃ ግን ከመቶ ከ6 እስከ 8 ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ከረጢቱን ከፍቶ ለረጅም ሰዓት ቀስ እያሉ ውኃ ማንጠባጠብ ደግነት ቢመስልም ዓሣውን በመርዝ ውስጥ ማቆየት ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው ተግባር ውኃውን መለካት ነው። እኔም ለክቻለሁ፤ የተሳሳትኩት በለካሁበት ሰዓት ላይ ነው። ይህን ዐረፍተ ነገር እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ፦ የመለኪያ ውጤት የሚናገረው ስለ ተለካበት ሰዓት ብቻ ነው። ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ደኅና የነበረ ኦክስጅን ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ደኅና እንደነበረ ምስክር አይሆንም። የባሕር ውኃ ከጨው አልባው ያነሰ ኦክስጅን እንደሚይዝም አትርሱ። በ27 ዲግሪ ሙቀት የባሕር ውኃ ሲሞላ የሚይዘው በሊትር 6.5 ሚሊ ግራም ገደማ ሲሆን ጨው አልባው ግን 8 ገደማ ይይዛል። የባሕር ዓሣ የሚኖረው በጠባብ ትርፍ ነው።

አራተኛው ተግባር በአጉሊ መነጽር ማየት ነው። ከቆዳው ላይ በቀስታ የተጠረገ ልጋግና ከስንጥቡ የተቆረጠች ቅንጣት ብዙ ክርክር ይዘጋሉ። የክሪፕቶካርዮን ጥገኛ በዝግታ ይሽከረከራል፤ ውስጡም አራት እንክብል ያለው ኒውክለስ ይታያል። አሚሉዲኒየም የሸክላ እንስራ መሰል ቅርጽ ይዞ ሳይንቀሳቀስ ተጣብቆ ይገኛል። ክላውን ዓሦችን በብርቱ የሚያጠቃውና ቆዳቸውን በወፍራም ልጋግ የሚሸፍነው ብሩክሊኔላ ደግሞ ባቄላ መሰል ሆኖ ይርመሰመሳል። ኒዮቤኔዴኒያ የተባለው ጠፍጣፋ ትል ሕያው ሳለ እንደ መስታወት የጠራ ስለሆነ በዓይን አይታይም። ሙቀቱና ፒኤቹ በተስተካከለ ጨው አልባ ውኃ ውስጥ ዓሣውን ለ5 ደቂቃ ያህል እያየን ብንነክረው ግን ትሉ ነጭ ሆኖ ይረግፋል። ይህ ምርመራም ሕክምናም ነው። የሞተ ዓሣ ካለ ወዲያውኑ መታየት አለበት፤ ብዙዎቹ ጥገኞች የሞተ አካል ላይ አይቆዩምና። መጠበቅ ግድ ከሆነም በማቀዝቀዣ ይቀመጥ እንጂ በረዶ አይሁን፤ በረዶ ሕብረ ሕዋሱን ይሰባብረዋል።

ይህን ሁሉ በምትሠሩበት ጊዜ ጓንት አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1926 በፊላደልፊያ አኳሪየም ከሞቱ የባሕር ዓሦች የተለየው ማይኮባክቴሪየም ማሪነም የተባለው ባክቴሪያ በተቧጨረ እጅ ገብቶ ሰውንም በማይድን በሚመስል የቆዳ ቁስል ያሠቃያል። ዓሣውን ከመረመርን በኋላ የራሳችንን በሽታ መመርመር እንዳይኖርብን እንጠንቀቅ።

አምስተኛው ተግባር ሕክምና ነው። አምስተኛ ላይ ያስቀመጥኩት ሆን ብዬ ነው። አንዳንድ ምልክት ሕክምና አይሻም፤ ሊምፎሲስቲስ የተባለው ቫይረስ በክንፍ ላይ የአበባ ጎመን መሰል እባጭ ያወጣል፤ ውኃው ጥሩ ከሆነና ዓሣው በደንብ ከበላ ግን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ይለቃል። አንዳንዱን ምልክት ደግሞ የምናመጣው እኛው ነን። በሰርጅን ዓሦች ራስና ጎን ላይ ጉድጓድ የሚያወጣው ሕመም ለብዙ ዓመታት ምስጢር ሆኖ ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት ግን ውኃ ለማጣራት የሚያገለግል የከሰል ዓይነት ሕመሙን ሊያስከትል እንደሚችል በሙከራ አሳይቷል። ለንጽሕና የተጨመረው ነገር ራሱ ሕመም ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። ስለዚህ መድኃኒት ሳንጨምር፣ ቀድሞ የጨመርነውን እንቁጠር።

አሁን ወደ ሆቴሉ ልመለስ።

በአምስተኛው ቀን ማታ የሞቱትን ዓሦች በባልዲ ይዤ ከአኳሪየሙ በስተጀርባ ተቀምጬ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በስልክ በአማርኛ እነጋገር ነበር። ስጨርስ አንዲት ሴት መወልወያዋን እንደያዘች ፊቴ ቆማለች።

«ወንድሜ፣ ለካ ሐበሻ ነህ!» አለችኝ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዓሦቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ ብለህ ጻፍክ አሉኝ» አለች።

እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም ልላት ፈለግሁ። የጻፍኩት ግን ከዚያ የተለየ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዷ ከሥራዋ ጋር የተሳሰረ ነው፤ ከሥራ መባረር ማለት ከአገር መውጣት ነው። በወሩ መጨረሻ እንደምትሰናበት ነግረዋታል። እናቷ ልጇን ይዘው የእርሷን መላኪያ የሚጠብቁ መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው።

መልስ አጣሁና «እህቴ፣ በእውነት መስታወቱን በምን ነው የምታጸጂው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በውኃና በደረቅ ጨርቅ። ኬሚካል እንዳልጠቀም መጀመሪያ ስቀጠር ተነግሮኛል። እኔ እኮ እነዚህን ዓሦች ከማንም በላይ ነው የማውቃቸው፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት ጀምሮ አብሬያቸው ነኝ። ደግሞስ ማሽኑን ሌሊት እያጠፉባቸው እንዴት ይኖራሉ?»

«የምን ማሽን?»

«ይኼ ከታች ያለው የሚያጉረመርመው። አጠገቡ ያሉት አዳዲስ ክፍሎች እንግዳ ከገባባቸው ወዲህ ድምፁ አላስተኛ አለን ብለው ጥበቃው ማታ ማታ ያጠፋዋል። 12 ሰዓት ሲሆን ያበራዋል። እኔ ስገባ ሁሉም ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፍተው ነው የማገኛቸው፤ ሲበራ ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።»

«ይህን ለምን ለማንም አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለችኝ።

በዚያች ሌሊት ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ጥበቃው ፓምፑንና ስኪመሩን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲያጠፋ በዓይኔ አየሁ። በየሰዓቱ ኦክስጅኑን ለካሁ። መብራቱ ጠፍቷል፤ ውኃው ቆሟል፤ ዓሦቹ፣ በድንጋዩ ላይ ያሉት አልጌዎችና በማጣሪያው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሁሉ ከአንዱ ጎተራ ይመገባሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ኦክስጅኑ በሊትር ከ3 ሚሊ ግራም በታች ወርዶ ነበር። ፒኤቹም አብሮ ወርዷል። ፓምፑ በበራ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሁለቱም ተመለሱ። እኔ በመጀመሪያው ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ላይ ደርሼ የለካሁት የተመለሰውን ውኃ ነበር።

ያን ጊዜ ማስታወሻዬን ገልጬ አነበብኩት። «በተለይ ጧት ጧት ያለከልካሉ» የሚለው በራሴ እጅ ተጽፏል። በስንጥብ ላይ የተቀመጠ ጥገኛ ረፋድ ላይ አይሻልም። «አሞኒያ ዜሮ» የሚለውም በራሴ እጅ ተጽፏል። የመስታወት ማጽጃው አሞኒያ ያለበት ነበር፤ በየቀኑ ወደ ውኃው ይገባ ከነበረ መለኪያዬ ባዶ ባልሆነ ነበር። ሴትየዋን ነጻ የሚያወጣው ማስረጃ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኪሴ ውስጥ ነበር። «ሊሆን ይችላል» ያልኩት ማስረጃ አጥቼ ሳይሆን ማስረጃዬን ስላልጠየቅሁት ነው።

በማግስቱ አዲስ ሪፖርት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ሪፖርቴ ስሕተት መሆኑን፣ የሁለቱ ዓሦች ሞት ምክንያት የሌሊቱ የኦክስጅን እጥረት መሆኑን፣ በኋላ ለሞቱት ሦስቱ ደግሞ እጥረቱና የእኔ መዳብ በአንድነት ተጠያቂ መሆናቸውን በግልጽ አሰፈርኩ። መዳብ ስንጥብን ያውካል፤ ቀድሞ ትንፋሽ ላጠረው ዓሣ መዳብ መስጠት በሚሰምጥ ሰው ላይ ሸክም መጨመር ነው። ከሦስቱ ስንቱን እጥረቱ፣ ስንቱን እኔ እንደገደልኩ ግን እስከ ዛሬ መለየት አልችልም። መድኃኒቴ ዓሦቹን ብቻ ሳይሆን ማስረጃውንም አጥፍቶታልና። በሥራ አስኪያጁ ፊት ይህን ማንበብ ቀላል አልነበረም። ክፍያዬን መለስኩ፤ ሴትየዋም ሥራዋ ላይ ቆየች። ፓምፑ በጎማ ንጣፍ ላይ ተቀምጦ ድምፁ ቀነሰ፤ ለሌሊት የሚሆን ተጨማሪ የአየር መንፊያም ተገዛ። መዳቡን በተደጋጋሚ ውኃ በመቀየር አወጣነው። የተረፉት ዓሦች በሳምንት ጊዜ ውስጥ በወጉ መተንፈስ ጀመሩ።

ውድ ተማሪዎች፣ ይህ ታሪክ በባሕረ ሰላጤ የተፈጸመ ቢሆንም ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ነገ በአንድ ኩሬ ዳር ቆማችሁ፣ አርሶ አደሩ ቆሮሶዎቹ እየሞቱበት ምክር ይጠይቃችኋል። አረንጓዴ የሆነ ኩሬ ቀን ቀን በፀሐይ ኦክስጅን ያመርታል፤ ሌሊት ግን ያው አረንጓዴ አልጌ መልሶ ይበላዋል። የኩሬውም ኦክስጅን ከሁሉ የሚያንሰው ሊነጋ ሲል ነው። በመኪና ረፋድ ላይ ደርሳችሁ ብትለኩ እንደ እኔ «ውኃው ንጹሕ ነው» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ስለዚህ ለሊቱን እዚያው እደሩ። ማደር ካልቻላችሁ ሌሊት ከኩሬው ጋር የሚያድረውን ሰው ጠይቁ። ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ አይደለም። እረኛው ነው፤ ዘበኛው ነው፤ ውኃ የምትቀዳው ልጅ ናት፤ ወለል የምትወለውለው ሴት ናት። ስሙን በቅጻችሁ ላይ የምትጽፉበት ቦታ ከሌለ ቦታ አብጁለት።

ስለ አንድ ቃልም ላሳስባችሁ። «ሊሆን ይችላል» የሚለው አነጋገር የትሕትና ይመስላል፤ ሳይንሳዊም ይመስላል። ነገር ግን በባለሙያ አፍ ሲነገር በሰሚው ጆሮ «ነው» ይሆናል። ካላወቃችሁ «አላውቅም፤ ይህን ይህን ከመረመርኩ በኋላ እመልሳለሁ» በሉ። እንዲህ ያለ ሐኪም ለአንድ ቀን ያፍር ይሆናል፤ የሰው እንጀራ ግን አይነጥቅም።

ወገኖቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ሲሉ ስለ ዓሣ ሕክምና አላሰቡ ይሆናል። ለእኛ ሙያ ግን ከዚህ የተሻለ ደንብ አላገኘሁም። አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ጊዜውን ጠይቁ፤ ውኃውን በክፉው ሰዓት ለኩ፤ በአጉሊ መነጽር እዩ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ መድኃኒቱን ክፈቱ። መንስኤው ያልታወቀ ሕመም ከምንለው ውስጥ ጥቂት የማይባለው መንስኤው ያልተጠየቀ ሕመም ነው።